የመቅደላ ንብረት በሎንዶን ቤተ መዘክር



ከቤተ ክርስቲያናችን ልጆች መካከል ኑሮአቸውን በባሕር ማዶ ያደረጉ ብዙዎች ሆነዋል። ከአገር ቤትም ዘመድ ለመጠየቅ፥ ለትምህርት ወይም ለሕክምና ወደ ኤውሮጳ የሚሄዱ ቤተ ሰቦች ጥቂቶች አይደሉም። በዚያ አገር በዕረፍት ቀን ልጆችን ይዞ ቤተ መዘክር መጎብኘት የተለመደ ስለ ሆነ፥ የእኛም ልጆች አንድ ጊዜ ከመምህራኖቻቸው፥ አንድ ጊዜ ከወላጆቻቸው ጋር ወደዚያ መግባታቸው አይቀርም። በሎንዶን ከተማ ቼልሲ በተባለው ሰፈር፥ ከሽማግሌ ወታደሮች መጦሪያ አጠገብ የሚገኘው የእንግሊዝ የምድር ጦር ቤተ መዘክር ከእነዚህ ቤቶች አንዱ ነው። በዚህ ወር ጽሕፈታችን ስለዚህ ቤትና ከእርሱ ጋር ስለ ተያያዘው ስለ መቅደላ ነገር ልንነጋገር አስበናል። አንድ የኢትዮጵያ ልጅ በዚያ ቤት ቆሞ ጥያቄ በጠየቀ ጊዜ፥ የሚመልስለት ወላጅ መልሱን አስቀድሞ በቤቱ ሊያዘጋጅ ይገባዋልና።

ስለዚህ ቤት መጀመሪያ መነገር የሚገባው በጎው ነገር ነው። ቤተ መዘክሩ እ.ኤ.አ. በ1960 ሳንድኸርስት በሚባለው የጦር ትምህርት ቤት ግቢ ተከፈተ፤ በ1971 ዛሬ ወዳለበት ወደ ቼልሲ ሕንፃ ተዛወረ፤ ታድሶም በ2017 እንደ ገና ለሕዝብ ተከፈተ። ወደ ውስጥ ስንገባ የክፍለ ጦሮች ሰንደቅ ዓላማዎች፥ የወታደር ልብሶች፥ ሰይፎችና ጠመንጃዎች፥ ሜዳዮች፥ ሥዕሎችና ደብዳቤዎች በመስተዋት ውስጥ በሥርዓት ተቀምጠው እናያለን። ትንሹም ትልቁም ዕቃ ቁጥርና መግለጫ አለው፤ ከየት እንደ መጣ፥ ማን እንደ ሰጠው፥ በየትኛው ዓመት እንደ ገባ በመዝገብ ተጽፏል። አንድ ሕዝብ ለአገሩ የሞቱለትን ማሰቡ የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ እኛም የዐድዋን አርበኞች በየዓመቱ የምናስበው ስለዚሁ ነው። ነገር ግን የጦር ቤተ መዘክር ሁሉ በባለቤቱ አንደበት የሚናገር መሆኑን ጎብኚው ሊዘነጋ አይገባውም።

እንግሊዞች ስለ መቅደላ ዘመቻ ሲናገሩ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት የጉዞውን ድንቅነት ነው። ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ከቦምቤይ ተነሥቶ በቀይ ባሕር ዳር በዙላ ሲወርድ 13,000 ያህል ወታደሮች፥ 26,000 የሚሆኑ ተከታዮችና ከ40,000 የሚበልጡ እንስሳት ነበሩት፤ ከእንስሳቱም መካከል ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች መድፍ ይሸከሙ ነበር። ይህን ሁሉ ጭፍራ በተራራና በገደል እየመራ ከባሕር ዳር እስከ ወሎ ድረስ ማድረሱ በእውነት ትልቅ የጦር ሥራ ነው። ስለዚህም ለእርሱ የመቅደላ ባሮን የሚል ማዕርግ ተሰጠው፤ በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሐውልቱም እስከ ዛሬ በሎንዶን ከተማ ቆሞ ይታያል። ለዘማቾቹም ባለ ዘጠኝ ጫፍ ኮከብ የተቀረጸበት፥ በኮከቡም ጫፎች መካከል የአገራችን ስም የተጻፈበት ሜዳይ ታድሏል፤ በጀርባውም የእያንዳንዱ ወታደር ስም ወጥቶበት ነበር። ይህን ብቻ አይቶ የሚወጣ ልጅ፥ ነገሩ እስረኞችን ለማስፈታት የተደረገ፥ በንጽሕና የተጀመረና በንጽሕና የተፈጸመ ዘመቻ ይመስለዋል።

አባቶቻችን ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ሎንዶን ደርሶ ሳለ ከአንድ ዓመት በላይ መልስ ሳይመጣ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱም እንደ ተናቁ ቈጥረው የእንግሊዝን ቆንሲልና ሌሎችንም ኤውሮጳውያን አሰሩ። መልክተኛን ማሰር በሕግ የሚደገፍ ሥራ አይደለም፤ የወዳጅነትን ደብዳቤ በቸልታ ማስቀመጥም የሚመሰገን አይደለም። ከዚህ የተነሣ የመጣው ጦር በ1860 ዓ.ም. በበሽሎ ወንዝ ማዶ ከመቅደላ አምባ ፊት ደረሰ።

የውጊያው ቀኖች የትኞቹ እንደ ነበሩ ልጆቻችን ሊያውቁ ይገባል። በዚያ ዓመት የእኛና የምዕራባውያን ፋሲካ በአንድ ቀን ውሎ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን፥ በዕለተ ስቅለት፥ በእሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። እንግሊዞች ስናይደር የተባለውን ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ይዘው ነበርና ከእኛ ወገን ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ሰዎች ሲሞቱ፥ ከእነርሱ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ እስረኞቹን ለቀቁ፤ በትንሣኤውም ዕለት ለእንግሊዝ ጦር ላሞችና በጎች ለበዓል መፈሰኪያ ሰደዱ። ናፒየር ግን ስጦታውን አልተቀበለም። በማግሥቱ ሰኞ፥ በዕለተ ማዕዶት፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ተደበደበ። ዐፄ ቴዎድሮስም እጅ ከመስጠት ይልቅ ንግሥት ቪክቶሪያ ቀድሞ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። እስረኞቹ ከዚያ ቀን በፊት ነጻ ወጥተው እንደ ነበር ልብ ይሏል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በሜዳዩ ላይ አልተቀረጸም። ወታደሮቹ ወደ ቤተ መንግሥቱና በመድኃኔ ዓለም ስም ወደ ተሠራው ቤተ ክርስቲያን ገብተው ያገኙትን ሁሉ ዘረፉ። ታቦታት፥ የብራና መጻሕፍት፥ መስቀሎች፥ ጽዋዎች፥ ጽናጽልና አልባሳት ተወሰዱ። ንብረቱ በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም ለሁለት ቀን ሐራጅ ተደረገበት። ከሐራጁም የተገኘው ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ የተባለ ሰው በዚያ ሐራጅ ዋናው ገዢ ነበር፤ ለሙዚየሙም 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ገዛ። ናፒየር አምባውን በእሳት እንዲያጠፉት ባዘዘ ጊዜ እሳቱ ቤተ ክርስቲያኑንም አልማረም። ይህ ሥራ በእንግሊዞች መካከል እንኳ ያለ ነቀፋ አላለፈም፤ የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስቶን እ.ኤ.አ. በ1871 በፓርላማ ቆሞ እነዚህ ዕቃዎች በእንግሊዝ ጦር መወሰዳቸው እጅግ እንዳሳዘነው ተናግሯል።

እዚህ ላይ አንድ መራራ እውነት አለ፤ ወላጆችም ሊሸሽጉት አይገባም። በመቅደላ ከተዘረፉት መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ብዙዎቹ ቀድሞውንም የመቅደላ አልነበሩም። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን የሰበሰቡት በተለይ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ በ1859 ዓ.ም.ም ጎንደርን ዘርፈው አቃጥለዋል። ዛሬ በሎንዶን የሚታየው የወርቅ ዘውድ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ ለጎንደር ደብረ ፀሐይ ቍስቋም ቤተ ክርስቲያን እንደ ሰጡት ይታመናል። ልጅዎ ይህን ከሌላ ሰው አፍ ቢሰማ፥ የነገሩት ሁሉ ሐሰት ይመስለዋል። ከእርስዎ አፍ ቢሰማው ግን ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛ፥ የንጉሥ ታላቅነት ጥፋቱን አይሰርዝም፤ ጥፋቱም ታላቅነቱን አይሰርዝም። ሁለተኛ፥ የጎንደር ካህናት ንብረት በመቅደላ መገኘቱ ለእንግሊዝ ወታደር የመውሰድ መብት አይሰጠውም። ከአንድ ቤት የተወሰደ ዕቃ ሁለተኛ ቢዘረፍ ባለቤቱ ያው ነው።

አሁን ወደ ቼልሲው ቤት እንመለስ። በዚህ የጦር ቤተ መዘክር ከመቅደላ የመጣ ከሁሉ የሚደንቅ ነገር ለብዙ ዓመታት ይገኝ ነበር፤ እርሱም የዐፄ ቴዎድሮስ የራስ ጠጉር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከሞቱ በኋላ ከራሳቸው ተቈርጦ የተወሰደ ሲሆን፥ የአስከሬናቸውን መልክ የሣለው ሰው ቤተ ሰቦች እ.ኤ.አ. በ1959 ለቤተ መዘክሩ አበረከቱት። እነሆ፥ የተቀባ ንጉሥ ጠጉር ከሰይፍና ከሰንደቅ ዓላማ ጋር በዕቃ ቁጥር ተመዝግቦ ስድሳ ዓመት ኖረ። እኛ ኦርቶዶክሳውያን የሰውን አካል እንደ ዕቃ አንቈጥረውም፤ በጸሎተ ፍትሐት ሸኝተን ወደ ተፈጠረበት መሬት እንመልሰዋለን እንጂ። የኢትዮጵያ መንግሥት ጠጉሩ እንዲመለስ በጠየቀ ጊዜ ቤተ መዘክሩ ነገሩን መርምሮ፥ ከንጉሡ አፅም ጋር ያርፍ ዘንድ መመለሱ የተገባ መሆኑን አምኖ፥ መጋቢት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. እዚያው በቼልሲ ለኢትዮጵያ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስትር አስረከበ። የንጉሠ ነገሥቱ አፅም ቀድሞ ከመቅደላ ወጥቶ በቋራ ማኅበረ ሥላሴ ገዳም እንዳረፈ የታወቀ ነው። የጦር ቤተ መዘክር የማረከውን ፈቅዶ ሲመልስ ማየት በዓለም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለምና ይህን ሥራ ማመስገን ይገባል።

ከዚህ ቤት ጋር የሌላ ሰው መታሰቢያም ይያያዛል። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ መቅደላ በተያዘች ጊዜ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከጦሩ ጋር በመንገድ ሳሉ ዐርፈው በትግራይ በጨለቆት ተቀበሩ፤ ሕፃኑ ግን ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። ካደገም በኋላ ቤተ መዘክሩ በመጀመሪያ በተከፈተበት በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት እንዲማር ተደረገ። እንግዲህ የአባቱን መንግሥት ያፈረሰውን ጦር ሥርዓት ይማር ዘንድ ተገደደ ማለት ነው። ኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ዐረፈ፤ በንግሥቲቱ ትእዛዝም በዊንድሰር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። በመታሰቢያው ሰሌዳ ላይ እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገረው የወንጌል ቃል ተጽፎለታል። አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ልዩ ልዩ ጊዜ ጥያቄ ቀርቦ፥ እ.ኤ.አ. በ2023 የቤተ መንግሥቱ ሰዎች የሌሎችን መቃብር ሳያውኩ አፅሙን ማውጣት የማይቻል መሆኑን ገልጠው መልሰዋል። በዚያው ዓመት ግን በአንድ ቤተ ሰብ እጅ የኖረ ጠጉሩ ለኢትዮጵያውያን ተሰጠ። የአባትም የልጅም ጠጉር እንዲህ በየተራ መመለሱ የሚያስገርም ነው። ለልጆቻችን ስለ መቅደላ ስንነግር ከመድፉና ከዝሆኑ አስቀድመን ስለዚህ እንደ እነርሱ ሕፃን ስለ ነበረው ልጅ ብንነግራቸው ነገሩ ቶሎ ይገባቸዋል።

ቤተ ሰቡ በሎንዶን ጥቂት ቀን የሚቈይ ከሆነ ሦስት ሌሎች ቤቶች አሉ። በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከላይ ያነሣነው የወርቅ ዘውድ፥ የወርቅ ጽዋና የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ይገኛሉ። በብሪቲሽ ላይብረሪ የመቅደላ የብራና መጻሕፍት ተቀምጠዋል። በብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ 11 ታቦታት አሉ። እነዚህ ታቦታት በተዘጋ ክፍል ተቀምጠው፥ ከኢትዮጵያ ካህናት በቀር የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ እንዳያዩአቸው ተከልክሏል። ስለዚህ ወላጅ ለልጁ ይህን መናገር አለበት፤ በዚያ ሕንፃ ውስጥ አንተ የማታየው፥ እነርሱም የማያዩት፥ ማንም የማይማርበት ነገር ተቀምጧል። ለምን አይመልሱም ብሎ ልጁ ሲጠይቅ መልሱ ሕጋቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ባለአደራዎቹ ከተወሰነ ምክንያት በቀር ዕቃ እንዳያወጡ ይከለክላቸዋል። ሕግን ግን ሰዎች ያወጡታል፥ ሰዎችም ያሻሽሉታል።

የተመለሰም አለ፤ እንዴት እንደ ተመለሰ መመርመር ይጠቅማል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ሲጽፉ በጅምላ ንብረታችን ይመለስ አላሉም፤ ሁለት ነገር በስም ለይተው ጠየቁ። አንዱ ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ፥ ሁለተኛው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታችን ሥዕል ነበር። መጽሐፉ በሙዚየሙ መዝገብ ገብቶ ስለ ነበረ ተፈልጎ ተገኘ፤ ሁለት ቅጂ ስለ ነበራቸውም አንዱ ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ ግን ዱካው እንዳልተገኘና ወደ እንግሊዝ አገር የመጣም እንደማይመስል መልስ ተሰጠ። ሥዕሉ ግን በዚያን ጊዜ በሆልምስ እጅ ነበረ። ሆልምስ ለራሱ አስቀርቶት ነበርና በማንም መዝገብ አልተጻፈም፤ ሰውየውም ራሱ ከ1870 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዊንድሰር የንግሥቲቱ የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥዕሉ በሐራጅ ተሽጦ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖረ፤ ወደ አገሩም አልተመለሰም። በመዝገብ የተጻፈው ተመለሰ፥ ያልተጻፈው ጠፋ።

ከዚያም ወዲህ ቢሆን ነገሩ ይኸው ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኤውሮጳን በጎበኙ ጊዜ ከሁለቱ የመቅደላ ዘውዶች አንዱ፥ በወርቅ የተለበጠው የብር ዘውድ፥ ለንግሥት ዘውዲቱ እንዲመለስ ተወሰነ፤ የወርቁ ግን ቀረ። ንግሥት ኤልሣቤጥ በ1957 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የዐፄ ቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ይዘው መጡ። በኤዲንብራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ የተገኘ ታቦትም በ1994 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታና በዝማሬ ተቀበለው። ይህን ያገኘው የዚያው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ የታቦትን ክብር ቀድሞ ስለሚያውቅ ያየው እንጨት ምን እንደ ሆነ ለመለየት ቻለ። አንድ ሰው በማወቁ አንድ ታቦት ተመለሰ።

በመጽሐፈ ዕዝራ መጀመሪያ የተጻፈውን ታሪክ ብዙ ቤተ ሰቦች ያውቁታል። ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የማረከው ንዋየ ቅድሳት በባቢሎን በአምላኮቹ ቤት ተቀምጦ ኖረ፤ ብልጣሶርም ጠጣበትና ጠፋ። የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ግን ዕቃውን ሊመልስ በወደደ ጊዜ መዝገብ ቤቱ ሚትሪዳጡ ለይሁዳ መስፍን ለሰሳብሳር አንድ በአንድ ቈጥሮ አስረከበው፤ የወርቁና የብሩ ዕቃ ሁሉ 5,400 ሆነ። ቅዱስ መጽሐፍ ድምሩን ብቻ አልጻፈም፤ ሰሐኑን፥ ቢላዋውን፥ ጽዋውን በየዓይነቱ ለይቶ ጽፏል። ካህናቱ በምርኮ ሳሉ የቤተ መቅደሱን ዕቃ አልረሱም ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ቂሮስን የሚመስል ንጉሥ ዛሬ ቢነሣና ንብረታችሁን ተረከቡ ቢለን፥ ቈጥረን ለመረከብ ተዘጋጅተናልን?

ይህ ጥያቄ ከሎንዶን ወደ አገራችን ይመልሰናል። መቅደላን የዘረፉት ባዕዳን ናቸው፤ ዛሬ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ ንዋየ ቅድሳትን የሚሰርቁት ግን ብዙ ጊዜ ከእኛው መካከል የሚነሡ ናቸው። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከአገር ወጣ፤ በአንድ የቤልጅግ ሰው እጅ ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. ተመለሰ። መስቀሉ የተመለሰው መልኩ በብዙዎች ዘንድ የታወቀና ፎቶግራፉም የነበረ ስለ ሆነ ነው። ማንም ያልመዘገበው የገጠር ቤተ ክርስቲያን መስቀል ቢጠፋ ግን ማን የማን ነው ብሎ ይመሰክራል? ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ በመንበረ ፓትርያርኩ ተባባሪነት ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም መነሣታቸው ትልቅ ሥራ ነው፤ ያልተነሡት ግን ብዙ ናቸው።

በተለይ ይህን የምንለው በመቅደላ ዙሪያ ለምትኖሩት፥ በተንታ፥ በሳይንት፥ በመካነ ሰላምና በቦረና ላላችሁት ቤተ ሰቦች ነው። አገራችሁ በሳይንት ተድባበ ማርያምን፥ በአምባሰልም ግሸን ማርያምን የያዘች፥ ጥንታዊ ቅርስ ያላት አገር ናት። አምባ መቅደላም፥ ዛሬ አምባ ማርያም የሚባለው፥ ከእናንተው ዘንድ ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተሠርቶ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው፥ በሰው ጉልበት ብዙ ወር ተጎትቶ የመጣው የሴባስቶፖል መድፍ እስከ ዛሬ በዚያ ይገኛል። በቼልሲ ያሉት መድፎች ተወልውለው በጣራ ሥር ሲቀመጡ የእኛው በዝናብና በፀሐይ በተራራ ላይ መኖሩን ስናስብ ልባችን ይነካል። ሆኖም ለልጅ የመጀመሪያው የጦር ታሪክ ቤተ መዘክር ይህ አምባ ሊሆን ይገባል። አምባውን ወጥቶ በሩን ያየ፥ የእሮጌን ሜዳ ቁልቁል ተመልክቶ በዚያ የወደቁትን ያሰበ ልጅ፥ ኋላ ሎንዶን ቢሄድ በመስተዋቱ ላይ የተጻፈውን አንብቦ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል።

እንግዲህ ቤተ ሰብ ሁሉ ሊፈጽመው የሚችለውን በአጭሩ እንናገር። በመጀመሪያ፥ ልጆችን ወደ ቤተ መዘክር ከመውሰድ በፊት ታሪኩን በቤት በአማርኛ ንገሩአቸው። በዚያም ሳላችሁ በቁጣ አትናገሩ፤ በቁጣ የተነገረ ታሪክ በልጅ ልብ ጥላቻን እንጂ እውቀትን አይተውም። መግለጫውን አብራችሁ አንብቡ፥ ይህን ማን ጻፈው ብላችሁም ጠይቁአቸው። ጥያቄ ካላችሁ በጨዋ ደንብ ለቤቱ ሠራተኞች አቅርቡ ወይም ጻፉላቸው፤ የንጉሡ ጠጉር የተመለሰው በጥያቄና በመልስ ነውና።

ሁለተኛ፥ በየአጥቢያችሁ ያለውን ሰበካ ጉባኤ ጠይቁ። የቤተ ክርስቲያናችን ንብረት መዝገብ አለውን? መቼ ታደሰ? መጽሐፉ ስንት ነው፥ መስቀሉስ? ታቦትን መግለጥ ለማንም አይገባም፤ እርሱ በካህናት ሥርዓት የሚጠበቅ ነው። መጽሐፉ፥ መስቀሉ፥ ከበሮውና ጽናጽሉ ግን በቄሰ ገበዙና በሽማግሌዎች ፊት ተቈጥሮ፥ መልኩና ልኩ ተጽፎ፥ መዝገቡም በሁለት ቦታ ሊቀመጥ ይገባል። ፊደል የተማሩ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በዚህ ሥራ ሊረዱ ይችላሉ። ለእነርሱም ትምህርት ይሆናቸዋል።

ሦስተኛ፥ የብራና መጽሐፍ ወይም አሮጌ መስቀል ለመንገደኛ አይሸጥ። ችግር ያደረሰው ቤተ ሰብ እንኳ ከአያቶቹ የወረሰውን ዳዊት ወደ ገበያ ከማውጣቱ በፊት ወደ ደብሩ አለቃ ይሂድ። አጥቢያውም እንዲህ ያለውን ሰው ባዶ እጁን አይመልሰው፤ ተባብሮ ይርዳው። በደላንታ ሜዳ በሐራጅ የተሸጠውን ስንጠይቅ በገዛ እጃችን የምንሸጠው ካለ አፋችንን ያስይዘናል።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በመድኃኔ ዓለም ስም የተቀረጸ አንድ የመቅደላ ታቦት በሎንዶን ለኢትዮጵያውያን ተሰጥቷል። ወደፊትም ሌላው ሊከተል ይችላል። የሚመለሰውን የሚቀበለው ግን በቤቱ የቀረውን ቈጥሮ የጠበቀ ሕዝብ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሕፈት ያነበበ የቤተ ሰብ አባት ወይም እናት በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙን ቀርበው ስለ መዝገቡ ይጠይቁ። ቸሩ አምላካችን የአባቶቻችንን አደራ እንድንጠብቅ ይርዳን፤ አሜን።